ፊቷ ላይ የፈሰሰ ብርሃን

ላይፕዚግ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አጎቴ ለአቶ አብዱልሐሊም፣ መርሳ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። የጀሊሉ ጥበቃ ከእርስዎ፣ ከእትዬ ዘይነባ፣ ከእህቴ ከቶይባ፣ ከሁሉም ይልቅ ግራና ካለችው እናቴ አይለይ። እኔ ብርዱን ካልቆጠርኩት በጣም ደህና ነኝ።

ሰሞኑን የተማርነውን ብነግርዎ ይስቃሉ። ፎቶ ቤትዎ ውስጥ ስለማመድ አንዲት ሙሽራ መስኮቱ ፊት አስቀምጬ አንስቻት፣ ፎቶው ሲታጠብ ፊቷ በነጭ ጭጋግ ተውጦ የወጣው ትዝ ይልዎታል? ጥፊ ካቀመሱኝ በኋላ፣ «ብርሃኑ ካንተ ጀርባ ይሁን እንጂ ከሰውየው ጀርባ አይሁን። ሰው የሚከፍለው ፊቱን ሊያይ ነው፣ መስኮት ሊያይ አይደለም» ብለውኝ ነበር። ብርሃኑ ለምን እንደሚፈስ ግን አልነገሩኝም። አሁን ገባኝ። ብርቱ ብርሃን ፊልሙን ዘልቆ ያልፍና ከጀርባው ነጥሮ ይመለሳል፤ ሲመለስ በገባበት ስለማይወጣ ዙሪያውን ያበላሻል። መብራት በፎቶ ላይ ቀለበት የሚያወጣው ለዚህ ነው። እዚህ ፊልም ፋብሪካ ውስጥ እኔ የምለማመድበት ክፍል የፊልሙን ጀርባ ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ ያንን ብርሃን ውጦ ያስቀረዋል። ከሰባት ዓመት በኋላ የጥፊዬን ምክንያት አገኘሁት ማለት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ከአገር ከወጣሁ ዓመት አለፈኝ። የእናቴን ፊት በአሳቤ ላመጣው ስሞክር አንዳንድ ቀን እምቢ ይለኛል። ድምጿ ይመጣል፣ አካሄዷ ይመጣል፣ ፊቷ ግን አይመጣም። ይህ በጣም አስፈርቶኛል። ስለዚህ ሁለት ጥቅል ፊልም በሰው በኩል አዲስ አበባ ልኬያለሁ፤ ከዚያ ይደርስዎታል። ግራና ድረስ ሄደው አንስተው ይላኩልኝ። የተረፈውን ለፈለጉት ሥራ ያውሉት፤ የመጀመሪያዋ ግን የእሷ ትሁን። እዚህ ሰዎቹ ወሎ ረሃብ ገባ ወይ እያሉ ይጠይቁኛል፣ የምመልሰውን ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ፣ አማን


መርሳ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ አጎቱን ለማስተማር ለበቃው ለእህቴ ልጅ ለአማን።

ወአለይኩም ሰላም። አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይንና ከክፉ ባልንጀራ ይሰውርህ። ደብዳቤህም ፊልሙም ደርሶኛል። በጥፊ ያልኩህ ስለ መስኮቱ አልነበረም፤ ፊልም በጠፋበት ዘመን አንዱን ስላባከንክብኝ ነው። ስለ ብርሃኑ መንጠር የጻፍከውን ለዘይነባ አነበብኩላት። ልጁ ይህን ለመማር ነው ባሕር የተሻገረው ብላ ታዝባሃለች።

እናትህ ደህና ናት። ፎቶዋን በዚሁ ፖስታ ውስጥ ታገኘዋለህ። ጥሩ ወጥቷል፣ አንተን ካሠለጠኑህ ጀርመኖች እንደማላንስ አሳያቸው። እሷም ብላሃለች፣ «ይብላ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ገላውን አይታጠብ፣ ሶላቱን አይተው።» ሌላ ብዙ ብላለች፤ ወረቀቱ አይበቃም።

ችግር የለም ብዬ አልዋሽህም። በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው፣ ከሰው ጋርም በሽታው ይመጣል። እናትህ እንደምታውቃት በሯን ለማንም ዘግታ አታውቅም። እኔም ሥራ በዝቶብኛል። ውርጌሳ ለሰፈራ የሚሄዱትን ሰዎች ለመዝገብ የማነሳ እኔው ነኝ፣ እምቢ የሚባል ትእዛዝ አይደለም። ፊልምና የፎቶ ወረቀት የምታገኝ ከሆነ ጨምርበት። ገበያው ላይ ወርቅ ይገኛል እንጂ ወረቀት አይገኝም።

አጎትህ፣ አብዱልሐሊም


ላይፕዚግ፣ የካቲት 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ፤

አሰላሙ አለይኩም። እኔን እንዳስደሰቱኝ አላህ ቤትዎን በደስታ ይሙላው። ፖስታውን የከፈትኩት ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ ነው፤ እስከ መኝታ ቤቴ ድረስ መታገሥ አቃተኝ። ረሃብ ነው በተባለበት አገር ጉንጯ ሞልቶ፣ ሻሿ ጸድቶ ሳያት አለቀስኩ። እንዲያውም እኔ ከተለየኋት ወዲህ ወጣት ሆናለች። ምን አድርገው አሳቋት? እናቴ ካሜራ ፊት የምትስቅ ሴት አልነበረችም።

ፎቶውን ራስጌዬ ላይ ሰቅየዋለሁ። ማለዳ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እያየኋት ጀሊሉ ጤናዋን እንዲጠብቅላት፣ ዕድሜዋን እንዲያረዝምልኝ ዱዓ አደርጋለሁ። ይህን ሳላደርግ ከቤት የወጣሁበት ቀን የለም።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። በሽታ አለ ካሉ እናቴን ከግራና አንስተው መርሳ እርስዎ ዘንድ ያስቀምጧት። እምቢ ብትል አማን ለምኖሻል ይበሏት። አሁን አራት ፊልምና ሁለት ፓኬት ወረቀት ልኬያለሁ። ፎቶዋ በየሦስት ወሩ አንድ አንድ ይድረሰኝ፣ ሌላ አላስቸግርዎትም።

አማን


መርሳ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለአማን፤

የአላህ ሰላም ይድረስህ። አምስት ወር ሙሉ ዝም ማለቴ ከጥጋብ እንዳይመስልህ። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ደብዳቤ ለመጻፍ ስቀመጥ ሰው ይጠራኛል። ደግሞ ክረምቱ ከበድ ብሏል።

ሁላችንም አለን። እናትህ ወደ መርሳ አልመጣም አለች፣ እኔም አላስገደድኳትም። ፎቶውን ልኬልሃለሁ። ያነሳኋት ግራና እቤቷ ውስጥ ነው። ብርሃኑ ትንሽ ፈሰሰብኝ፣ እንደሆነው ተቀበለው።

የእረፍት ጊዜ ደረሰ ብለህ እንዳትነሳ። አንድ ሁለት ልጅ እንዲህ ብሎ መጥቶ አልተመለሰም፤ ወታደር ሆኖ ቀረ። ትምህርትህን ጨርስ። ከተቻለህም የሚቀጥለውን ደረጃ ጨምርበት። ናፍቆት አይገድልም።

ፊልሙና ወረቀቱ ደርሶኛል፣ እጅህ ይባረክ። የፊልም ማጠቢያው መድኃኒት ሊያልቅብኝ ነው።

አብዱልሐሊም


ላይፕዚግ፣ መስከረም 28 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ፤

አዲሱን ዓመት የጥጋብና የሰላም ያድርግልን። መድኃኒቱን ገዝቼ ልኬያለሁ። የሰፈራችን ልጅ ሲራጅም ለትምህርት ከመርሳ መጥቷል፤ ትምህርቱ ሌላ ከተማ ነው እንጂ ሁለት ቀን እኔ ዘንድ አደረ። እናቴ የላከችልኝን ቆሎ ሰጠኝ። ስለ እሷ ደጋግሜ ስጠይቀው ልጁ ዓይነ አፋር ሆኗል፣ «ደህና ናት» ከማለት ሌላ የሚጨምረው የለውም።

ስለ ፎቶው ልጻፍልዎ። የሚታየኝ መስኮት ነው። በመስኮቱ ፊት የእናቴ ሻሽና የእናቴ ቀሚስ ተቀምጧል፣ ፊቷ በሚገባበት ቦታ ግን ነጭ ጉም አለ። አስተማሪያችን አይቶት፣ በእናንተ አገር እናቶች ሁሉ ቅዱሳን ናቸው ወይ ብሎ ሳቀብኝ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መስሎታል። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ በኋላ ግን ማሰብ ጀመርኩ። እርስዎ ሃያ ዓመት የሠሩ ሰው ነዎት። በጥፊ ያስተማሩኝን ነገር ራስዎ አይሳሳቱትም።

አጎቴ፣ ዓይንዎን አሞዎታል እንዴ? አይደብቁኝ። ሲራጅን ስጠይቀው መሬት መሬት ማየት ጀመረ። አሞዎት ከሆነ አያፍሩበት፣ የጨለማ ክፍል ሥራ የስንቱን ዓይን በልቷል። ከመድኃኒቱ ጋር መነጽር ልኬያለሁ። ለልክዎ ይሁን አይሁን አላህ ነው የሚያውቀው። ከእንግዲህ እናቴን ሲያነሱ ከቤት አውጥተው፣ ፀሐይዋን ከጀርባዎ አድርገው ያንሷት። የዓይን ድካም የሚያበላሸው ይህን ብቻ ነው፣ ሌላው ይስተካከላል።

አማን


መርሳ፣ ጥር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለአማን፤

ሰላምህ ይብዛ። መነጽሩ ደረሰኝ። ዘይነባ ዳኛ መሰልክ አለችኝ። እንዳልከው ዓይኔ ደክሟል። ለማንም አላወራሁትም፤ ፎቶ አንሺ ዓይኑ ደከመ ከተባለ ማን ደጁን ይረግጣል? አንተ ስላወቅከው ግን ቀለለኝ።

እናትህ ፀሐይ ላይ መቆም አትወድም፣ ያማታል። በሩ ላይ አቁሜ አነሳኋት። ከኋላዋ ያለው ግቢ ደምቆ ፊቷን ትንሽ ነካክቶታል፣ ቁመናዋ ግን ደህና ይታያል። ከመነጽሩ ጋር ገና አልተዋወቅንም፣ ታገሠኝ።

እንድትበላ፣ እንድትማር፣ እንዳትቸኩል ትልሃለች። ወረቀት አሁን አልፈልግም፣ ገንዘብህን ለራስህ አድርገው። ፎቶውንም በየሦስት ወሩ ማለቱን ብትተወው ደስ ይለኛል። ሰው አርጅቶ ሲሄድ መነሳት ይሰለቸዋል።

አብዱልሐሊም


ላይፕዚግ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ ለአቶ አብዱልሐሊም፤

አሰላሙ አለይኩም።

ብርሃን የፈሰሰባቸውን ሁለቱን ፎቶዎች እንደገና በካሜራ አንስቼ አሳደግኋቸው። ሦስት ቀን ከክፍል ቀርቻለሁ። መጀመሪያ ፊቷን ፈልጌ ነበር። ብርሃን የበላውን ማንም አይመልሰውም፣ ምንም አላገኘሁም።

የላክሁልዎት ፊልም ጀርባው የተቀባ ነው። እኔ ራሴ ከቆምኩበት ክፍል የወጣ ነው። ፀሐይ አጠገቡ ስለቆመች ብቻ እንዲህ አይፈስበትም። እንዲህ እንዲፈስ መስኮቱን ወይም በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ሌንሱን ከሚገባው አራት አምስት እጥፍ ጊዜ ሳይዘጉት ቆይተው መሆን አለበት። ዓይኑ የደከመ ሰው ምስሉ ይደበዝዝበታል፣ ቆጠራ አይሳሳትም። ደግሞ ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም ጊዜ በትክክል ፊቷ ላይ! ይህ ስህተት አይደለም፣ ሥራ ነው።

ከዚያ በመስኮቱ ፎቶ ላይ እጇን አየሁ። የመስኮቱ ብርሃን ጭኗ ድረስ ስላልወረደ እጇ ጥርት ብሎ ቀርቷል። በቀኝ እጇ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ እስከ አንጓዋ ድረስ ጠባሳ አለ። እናቴ ጠባሳ የላትም። ቶይባ ግን ልጅ ሳለች የፈላ ወተት ፈሶባት ነበር፤ ቅባት እየቀባሁ ያዳንኩት እኔ ነኝ። ያንን እጅ የትም ባየው አውቀዋለሁ።

እህቴ የእናቴን ልብስ ለብሳ የተቀመጠችው ለምንድን ነው? እናቴ የት ናት? ስለ መንገዱ፣ ስለ ዓይንዎ፣ ስለ ክረምቱ እንዳይጽፉልኝ እለምንዎታለሁ። እናቴ የት እንዳለች ብቻ ይጻፉልኝ።

አማን


መርሳ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለአማን፤

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሁላችንም የእሱ ነን፣ ወደ እሱም ተመላሾች ነን።

ይህን ቃል ከጻፍኩ በኋላ ብዕሩን አስቀምጬ ሁለት ቀን ቆየሁ። እናትህ ሁሪያ፣ የእናቴ ልጅ፣ የለችም። ተስቦ ነው። ከመንገድ ገብተው ደጇ ላይ የወደቁትን ስታበላ ስታጠጣ ያዛት። ተርባ አልሞተችም፣ ይህን እወቅልኝ።

መርዶ በወረቀት እንደማይላክ አንተም የዚህ አገር ልጅ ነህና አታጣውም። ሲነጋጋ ሰው ቤቱ ይኬዳል፣ ዘመድ በቀኝም በግራም ይይዘዋል፣ ከዚያ ነው የሚነገረው። ብቻውን በሰው አገር ለተቀመጠ ልጅ ማን ይይዘዋል? ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው እስኪመለስ ይቆይ አሉ። ሲራጅ ሲሄድ እሱ ይንገረው፣ አብሮት ይደር ብለን አደራ አልነው። ልጁ እንዳልቻለ ጻፈልኝ። ሊነግርህ ሲነሳ አንተ ቆሎውን እየሳምክ መብላት ጀመርክ አለኝ። ቆሎውን የቆላችው ቶይባ ናት።

አንተ ግን ፎቶ ፎቶ አልክ። ዝም ብልህ ልትመጣ ነው። ብትመጣ ይዘው ወደ ግንባር ይልኩሃል። እኔ ነኝ ቶይባን መስኮቱ ፊት ያስቀመጥኳት። ፊቷ የእናቷን ይመስላል እንጂ ገና ልጅ ነው፣ ጥርት ብሎ ቢወጣ በአንድ እይታ ትለያታለህ። ስለዚህ ብርሃኑን ለቀቅኩት። እየቆጠርኩ እስከ ሃያ ድረስ ሌንሱን አልዘጋሁም። እሷ እንዳትንቀሳቀስ ብዬ ተቆጣኋት፣ እያለቀሰች ነበርና። እሷን አትውቀስ።

ይህን ያህሉን ሽማግሌዎቹም ያውቁታል። የቀረውን ለዘይነባ እንኳን አልነገርኳትም። እውነቱን ከጻፍኩልህ ፊልሙም ወረቀቱም ይቆማል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሌላ ፎቶ ቤት ሁሉ ሲዘጋ የእኔ ክፍት የነበረው ባንተ ፊልም ነው። በኋላ አልፈልግም ብዬ የጻፍኩልህ ኅሊናዬ እምቢ ሲለኝ ነው።

ደግሞም አለ። የላክኸው ፊልም እጄ እንደገባ ላነሳሽ እመጣለሁ ብዬ ለገበያ በሄደ ሰው ላክሁባት። ሻሿን አጥባ፣ ለብሳ፣ ደጅ ወጥታ ጠበቀችኝ። በዚያው ዕለት ውርጌሳ ተጠራሁ። ባንተ ፊልም መኪና የሚሳፈሩትን ሰዎች አንድ በአንድ አነሳሁ፣ አለቀ። አንዲት ማስቀረት እችል ነበር፣ አላስቀረሁም። ነገም ሌላ ቀን ነው ብዬ ነው። በሳምንቱ ወልድያ ካለው ከንጉሴ ፎቶ ቤት ፊልም ተበድሬ ስሄድ ተኝታ አገኘኋት። ካሜራውን ሳወጣ፣ «አብዱልሐሊም፣ አሁን አታንሳኝ። ልጄ እንዲህ ሆኜ አይየኝ። ስድን ታነሳኛለህ» አለችኝ። አልዳነችም።

በድዬሃለሁ። አፉ በለኝ።

አጎትህ፣ አብዱልሐሊም


ላይፕዚግ፣ ነሐሴ 29 ቀን 1978 ዓ.ም.

አቶ አብዱልሐሊም፤

ደብዳቤዎን አንብቤያለሁ። ሽማግሌዎቹ የሚይዘኝ ሰው እንዳይጠፋ አስበው ከሆነ፣ ማንም አልያዘኝም። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ ስነሳ ራሴ ተነሳሁ።

ወደ ግንባር እንዳልሄድ ብለው መደበቅዎን እረዳለሁ። የቶይባንም እረዳለሁ፣ ልጅ ናት፣ ትፈራዎታለች። የሲራጅ እንኳ ይገባኛል። የማይገባኝ ዱዓዬን መንጠቅዎ ነው። በየማለዳው ተነስቼ አላህ ሆይ ጤናዋን ጠብቅልኝ ስል ኖሬያለሁ። ለሙት የሚለመነው ምሕረት ነው። አንድ ቀን እንኳ ምሕረት አልለመንኩላትም። ሌሎች ልጆች እናታቸው ስትሞት የሚያደርጉላትን እኔ አላደረግኩላትም፣ የከለከሉኝ ደግሞ እርስዎ ወንድሟ ነዎት።

ሩቅ አገር ለሞተ ሰው የሚሰገደውን ሶላት ለመስገድ የሚያውቅ ሰው ስፈልግ አንድ የሱዳን ተማሪ አገኘሁ። ስሟን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። መቼ እንደሞተች ሲጠይቀኝ አላውቅም አልኩት። እናቱ የሞተችበትን ቀን የማያውቅ ሰው ምን ይባላል አጎቴ? ስንት ገጽ ጽፈው ቀኑን አልጻፉትም። እስከ መቼ የጸለይኩት ዱዓ ለሕያው፣ ከመቼ ጀምሮ ያለው ለሙት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ቀኑን ይጻፉልኝ። ፎቶም፣ ሰላምታም፣ ሌላ ነገርም ከእርስዎ አልፈልግም።

አማን


መርሳ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአማን፤

ዓርብ፣ ኅዳር 21 ቀን 1977፣ ከጁምዓ ሶላት በፊት። ግራና ከአባትህ አጠገብ ተቀብራለች።

ቀኑን የሸሸግኩት ረስቼው አይደለም። ስትቆጥረው ሁሉንም ስለምታገኘው ነው። በመጀመሪያ የላክሁልህ፣ ራስጌህ የሰቀልከው ፎቶ፣ አንተ ደሴ ስትማር በዒድ ቀን ያነሳኋት ነው። ከድሮ ነጌቲቭ አውጥቼ አጠብኩት። በቀዝቃዛ ውሃ አይታጠብ፣ ሶላቱን አይተው ያለችህ እሷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ፊቷ እምቢ አለኝ ብለህ ስትጽፍልኝ ሌላ የምልክልህ አልነበረኝም። ፎቶውን ከሰቀልክ ወዲህ የለመንከው ጤና ሁሉ ለሙት ነው፤ አንዱም ቀን በሕይወት አልደረሰባትም።

«እናትህ ደህና ናት» ያልኩበትን ያንን ደብዳቤ የጻፍኩልህ ከቀብሯ በተመለስኩ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ነው።

አብዱልሐሊም